ሦስት አኩራፊዎችና የማካሮኒ ስብርባሪ

ሰኞ፣ የካቲት 9

አባቴ የባንኩን ደብዳቤ ፍሪጅ ላይ ደብቆታል። ፍሪጅ ላይ ያለ ነገር ለእኔ አይታየኝም ብሎ ያምናል። አራተኛ ክፍል ሳለሁ እውነት ነበር። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ በቁመት እሱን በሁለት ጣት እበልጠዋለሁ። ይህን የሚያረዳው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታና ቁጥር። ሁለተኛው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ማካሮኒ ፋብሪካችን ብድሩን መክፈል ካቆመ ሰባት ወር አልፎታል። እስከ አርብ የካቲት 20 ድረስ ሦስቱም ባለድርሻዎች ተሰብስበው የተስማሙበትን የማገገሚያ ዕቅድ፣ ከፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ጋር ካላቀረብን፣ ፋብሪካውና በመያዣነት የተሰጠው መኖሪያ ቤት በሐራጅ ይሸጣሉ።

በመያዣነት የተሰጠው መኖሪያ ቤት ማለት ይሄ ፍሪጅ የቆመበት ቤት ነው።

እኔን ግን የበለጠ ያስደነገጠኝ «ሦስቱም ተሰብስበው» የሚለው ነው። ሦስቱ ማለት፦ አባቴ፣ ሥራ አስኪያጁ። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ደረሰ፣ የማሽን ኃላፊው። እህታቸው እትዬ አስካለ፣ የሽያጭ ኃላፊዋ። አንድ ኮሪደር ላይ ሦስት ቢሮ አላቸው። በቀጥታ ከተነጋገሩ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል።

እናቴ ከሆስፒታል አዳር ስትመለስ ደብዳቤውን አሳየኋት። ቀድማኝ አንብባዋለች። ትንሽ አሰበችና፣ እነሱን ከማስታረቅ ቤት መቀየር ይቀላል አለች። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየሁት። ፊቷ አልቀለደም።

ዛሬ ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋ መግዣ በጠፋበት ወር መግባቱ ደግ አደረገ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

በጠዋት ፈረቃ ነው የምማረው። ከሰዓት ፋብሪካ ሄድኩ፣ ሥራ ስላለኝ። ደመወዝ የለውም እንጂ ሥራ ነው፤ መልእክተኛ ነኝ።

የኩርፊያው ታሪክ ይኸው። የብር ዋጋ ከመውረዱ በፊት አባቴ በባንክ ብድር አዲስ ማሸጊያ ማሽን ከውጭ አዘዘ። ማንንም አላማከረም። ማሽኑ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ዶላሩ ሰማይ ነክቶ ነበር፣ ዕዳችንም አብሮት። ጋሼ ደረሰ «ያልተጠየቅኩበትን ማሽን በእጄ አልነካም» አሉና አኮረፉ። አባቴ ወንድሜ ናቀኝ ብሎ አኮረፈ። እትዬ አስካለ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስላላላት በሁለቱም ላይ አኮረፈች።

ማሽኑ እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ከነላስቲኩ ቆሟል፣ እንደ እንግዳ ክፍል ሶፋ። እትዬ አስካለ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ከላዩ ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። ሦስቱ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ያ ዳንቴል ነው። ማንም አላነሳውም።

የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። እኔ ደግሞ የተባልኩትን እንዳለ አላደርስም። የዛሬው ናሙና፦

ጋሼ ደረሰ ያሉት፦ «ለዚያ ለከረባታም ንገሪው። የማድረቂያው ቀበቶ አልቋል። ዛሬ ካልተገዛ ነገ ይበጠሳል። ሲበጠስ ከረባቱን ፈቶ ይሰርበት።»

እኔ ያደረስኩት፦ «ጋሼ እንዴት ዋልክ ብለዋል። ሲመችህ ስለ ቀበቶው ብታስብበት ደስ ይላቸዋል።»

አባቴ የመለሰው፦ «እሳቸው እጅ የገባ ቀበቶ መቼም አይበረክትም በያቸው።»

እኔ ያደረስኩት፦ «አባዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሏል። እያሰበበት ነው።»

ለማለዘቢያ ክፍያ አለኝ። አባቴ ካርድ ይሞላልኛል፣ ጋሼ ደረሰ ሳምቡሳ ይገዙልኛል (ጾም ስለሆነ የምስር)። አገር ቢሆኑ ኖሮ እኔ አምባሳደር ነበርኩ። ስለ ራሴ ጥሩ እየተሰማኝ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ቀበቶው ተበጠሰ።

የምዋሽበት ሌላ ብዙ ቦታ ስላለኝ እዚህ እውነቱን ልጻፍ። ጥፋቱ የኔ ነው። «ዛሬ ካልተገዛ ነገ ይበጠሳል» የተባለውን «ሲመችህ» አድርጌ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ማካሮኒው ማድረቂያው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሙቀቱ ግን አልቆመም። ከልክ በላይ የደረቀ ማካሮኒ ይሰነጠቃል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። አሥራ ሁለት ኩንታል ስብርባሪ ወጣ። አዲስ ቀበቶ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሥራ የለም።

ሠላሳ አንዱም ሠራተኛ አቧራ በሚያነሳው ነፋስ መሃል ግቢው ውስጥ ቆሞ አባቴን ያያል። የጥር ደመወዝ ገና አልተከፈላቸውም። አባቴ ከረባቱን ሲነካካ ቆየና «ስብርባሪውን ተካፈሉት» አለ። ሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። አጠር አለብኝ፣ ከሁለት ጣትም በላይ።

ሐናን ጋ ሄድኩ። ሐናን የሒሳብ ሠራተኛችን ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ብቸኛዋ ትልቅ ሰው። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ካልኩሌተሯን አስቀምጣ፣ «ሌንሳ፣ እኛን እዚህ ያደረሰን የብር ማጣት ብቻ ይመስልሻል?» አለችኝ። «አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። ሦስቱም ግማሽ ግማሽ መላ ይዘው በራቸውን ዘግተዋል።»

ሦስት ግማሽ እኮ አንድ ተኩል ነው አልኳት።

«አዎ፣ ይተርፈን ነበር» አለች።

ዛሬ ረመዳን ገብቷል። ሐናን ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። እኔ ከጸጸቴ ጋር ሁለት ሳምቡሳ በላሁ።

አርብ፣ የካቲት 13

አንድ ነገር ተገኘ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጫልቱ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው፣ ቤቷ ወንጂ ነው። ከስብርባሪው የደረሳትን አንድ ከረጢት ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ግማሹን ለጎረቤት ልሸጥ ብላ አስባ ነበር። ሰፈር ስትደርስ ከባጃጁ ሳትወርድ አለቀባት፣ ለልጆቿ እንኳ አልተረፈም። በኪሎ ከፓኬቱ በጣም ረከስ አድርጋ ነው የሸጠችው። ሸንኮራ የሚቆርጡት ሰዎች ሰኞ ይዘሽ ነይ ብለው ስልኳን ወስደዋል። ሌሎቹ ሠራተኞችም እንዲሁ ነው የገጠማቸው። አንዷ መልካሳ ድረስ ወስዳ ሸጣለች።

ፓኬቱ የታለ ያለሽ ሰው የለም ወይ አልኳት።

«ፓኬት ይቀቀላል እንዴ?» አለችኝ።

እየሮጥኩ ሐናን ጋ። ሐናን ካልኩሌተሯን ሳብ አደረገች። ከስንዴው ቀጥሎ ገንዘባችንን የሚበላው የፓኬቱ ላስቲክ ነው። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ወርቃማ ቀለም አለው፣ የአያቴ የእማማ ብርቄ ፎቶ ታትሞበታል። ፋብሪካውም «ብርቄ ማካሮኒ» የሚባለው በእሷ ስም ነው። ላስቲኩን አውጥተን በከረጢት፣ በኪሎ ብንሸጥ ዋጋው ይወርዳል፣ ትርፉ ግን አይጠፋም። ጊዜው ደግሞ የሁለት ጾም ጊዜ ነው። ያም ይጾማል፣ ያም ይጾማል፣ ሁሉም ማካሮኒና ሾርባ ይፈልጋል።

ያ ዳንቴል የለበሰው ማሽን ሥራው ምን ነበር? በላስቲክ ማሸግ። ፋብሪካችን ሊሸጥ የደረሰው ሰው ለማይቀቅለው ነገር ነው።

ሐናን ካልኩሌተሯን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሐሳቡን ይዤ በየተራ ሄድኩባቸው። ዛሬ ምንም አላለዘብኩም።

አባቴ፦ ስብርባሪ የሚሸጥ ፋብሪካ ወደቀ ነው የሚባለው አለ፤ ሰው ምን ይለናል አለ። ባንኩ ሊሸጠን ነው እኮ አልኩት። «በምን አወቅሽ?» አለኝ። ቀና ብዬ ቆምኩ። ፍሪጁ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ ብሎ ለካኝ።

ጋሼ ደረሰ፦ መስበር ምን ያስፈልጋል አሉ። አሮጌው ማሽን ቢላዋው ከተስተካከለ ራሱ አጭር ማካሮኒ ያወጣል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዓይናቸው በራ፣ ብዕር ፈልገው በመዳፋቸው ላይ መሳል ጀመሩ። ከዚያ ኩርፊያቸው ትዝ አላቸው። «ግን አልተጠየቅኩም» አሉ። እየጠየቅኩዎት ነው አልኳቸው። «አንቺ ባለድርሻ አይደለሽም» ብለው መዳፋቸውን በጨርቅ ጠረጉት።

እትዬ አስካለ (ፍራንኮ ሰፈር ያለው መደብሯ ድረስ ሄጄ)፦ በእናቷ ፎቶ ሥር ስብርባሪ አይሸጥም። ፎቶውም ይቀራል እኮ፣ ፓኬት የለውም አልኳት። «ጭራሽ ፎቶዋን ልታነሱት?» ብላ አለቀሰች። ባዶ እጄን ላለመውጣት አንድ ማስቲካ ገዛሁ።

ሲያልቅ ሦስቱም የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እነሱስ ምን አሉ?» ይላሉ፣ ሌላ ቦታ እያዩ፣ ምንም ግድ እንደሌላቸው።

ስድስት ቀን ቀረ።

እሁድ፣ የካቲት 15

ኦቦ ከድር ደወሉ። ከሁሩታ ስንዴ የሚያቀርቡልን እሳቸው ናቸው፣ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ። ማክሰኞ እመጣለሁ፣ የምንነጋገረው አለ ብለው ዘጉ። አባቴ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የሚነጋገሩት ምን እንደሆነ ገብቶታል። ስንዴ ላቆም ነው ሊሉን ነው።

ወሬውን ለሦስቱም አደረስኩ። የሦስቱም መልስ ቃል በቃል አንድ ሆነ፦ «ኦቦ ከድር ፊት ገመናችን እንዳይታይ።»

ምሳዬን እየበላሁ መስከረም ላይ የመጡ ጊዜ የሆነው ትዝ አለኝ። ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሼ ደረሰ አባቴን «ወንድሜ» አሉት። እትዬ አስካለ ሁለቱንም አጎረሰች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሳሳቁ። የኦቦ ከድር ፒካፕ ከግቢው ሲወጣ ሦስቱ የቢሮ በሮች በየተራ ተዘጉ። ጧ። ጧ። ጧ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

እነዚህ ሰዎች ከሚነጋገሩ ፋብሪካቸው ቢሸጥ ይመርጣሉ። ቤታቸውም ቢሸጥ ይመርጣሉ። በእንግዳ ፊት ግን ተኮራርፈው አይታዩም። ስለዚህ የሚያስፈልገን ሽማግሌ አይደለም፣ እንግዳ ነው። እንግዳው ደግሞ በራሱ ፒካፕ እየመጣ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 16

የኦቦ ከድርን ቁጥር ከአባቴ ስልክ ላይ ወስጄ ደወልኩ። አካም ጅርቱ፣ የግርማ ልጅ ሌንሳ ነኝ አልኳቸው። ነገ ጾሙን እኛ ጋ ይፍቱ፣ ፋብሪካው ግቢ ኢፍጣር አዘጋጅተናል አልኩ። (አላዘጋጀንም። አባቴም አያውቅም።) ደስ አላቸው። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ለአባቴ ኦቦ ከድር እዚህ ሊያፈጥሩ ነው አልኩት፤ ራሳቸው የጠየቁ አስመስዬ። አባቴ ይህን የመሰለ ነገር እምቢ ማለት አይችልበትም። ወዲያው ተምር ግዙ አለ።

ሐናንን ማሳመን ግን ይከብዳል። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከከበቡና ስለ ድርጅቱ ከተነጋገሩ ስብሰባ ነው፣ ቃለ ጉባኤውን ትጽፊያለሽ አልኳት።

«ውሸት አልጽፍም» አለች። «የሚሉትን ብቻ ነው የምጽፈው።»

የሚሉት ውሸት ከሆነስ?

«ያሉትን እጽፋለሁ። ከፈረሙበት የእነሱ ነው።»

ይህች ልጅ ባንክ ብትቀጠር ሁላችንም አልቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ከየት ልጀምር።

ኒም ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን። ተምር፣ ውሃ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ጫልቱ የሠራችው ሾርባና በቲማቲም የተሠራ ማካሮኒ። ማካሮኒው ከየትኛው ከረጢት እንደወጣ ለማንም አልተናገርንም። አዛን ሲሰማ ኦቦ ከድርና ሐናን በተምር ፈቱ። ሐናን ውሃዋን ጠጥታ ደብተሯን ከጭኗ ላይ ዘረጋች።

ትያትሩ ወዲያው ተጀመረ። ጋሼ ደረሰ፣ ግርማ ወንድሜ ባይኖር ይሄ ፋብሪካ እዚህ አይደርስም ነበር አሉ። (ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ ሐራጅ ደርሷል።) አባቴ፣ ጋሼ የነኩት ማሽን አይቆምም አለ። እትዬ አስካለ ሁለት ወንድሞቼ ሁለት ዓይኖቼ ናቸው ብላ ሁለቱንም አጎረሰች። ሐናን ትጽፋለች።

ኦቦ ከድር ማካሮኒውን በማንኪያ ቀመሱ። ደገሙ። «ይሄ ምንድን ነው? ረጅሙን ጥርሴ እምቢ ብሎኝ ትቼው ነበር። ይሄ በማንኪያ ይበላል። ምነው እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ?»

እትዬ አስካለ ሳህኑን አየችው። ለይታ አወቀችው፣ ስብርባሪው ነው። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። ግን እንግዳ ወዶታል፣ ምን ትበል? «አዲሱ ምርታችን ነው» አለች። ሐናን ጻፈች።

ከዚያ ኦቦ ከድር ቀበቶ ተበጥሶ ምርት ቆመ ሲባል ሰማሁ አሉ። አባቴ እንደ ጨዋ ደንብ ጥፋቱን ወደ ራሱ ሳበው። ጋሼ በትሕትና ነግረውኝ ነበር፣ ሲመችህ አስብበት ብለው፣ ችላ ያልኩት እኔ ነኝ አለ።

ጋሼ ደረሰ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሲመችህ?» አሉ። «እኔ በሕይወቴ ሲመችህ ብዬ አላውቅም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌ ውስጥ ሙሉ ሳምቡሳ ነበር። አላኘክሁም፣ አልዋጥኩም።

አባቴ ወደ ወንድሙ ዞረ። በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። «ምን ነበር ያሉት ጋሼ?»

ጋሼ ደረሰ ኦቦ ከድርን አዩ። ዛፉን አዩ። «ከረባትህን ፈተህ እሰርበት ነው ያልኩት።»

ነፋሱ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አነሳው።  አባቴ ከረባቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው፣ ገና ዛሬ እንደተሰጠው።

«ርዝመቱ ይበቃ ነበር?»

«አይበቃም» አሉ ጋሼ ደረሰ። አሰቡበት። «የአስካለ ዳንቴል ቢቀጠልበት ግን።»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ አስካለ ናት። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፣ ከዚያ ሁለቱም። አባቴ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ጋሼ ደረሰ ትን አላቸው። ኦቦ ከድር እንባቸውን በፎጣቸው ጠረጉና፣ «ኩርፊያችሁ ሁሩታ ከደረሰ እኮ ዓመት አልፎታል» አሉ። «መስከረም ላይ ስትጎራረሱ ሳይ ሳቄን አምቄ ነው መኪናዬ ውስጥ የገባሁት።»

ሦስቱም ሳቃቸውን አቆሙ። ዓመት ሙሉ ለባዶ ተጎራርሰዋል።

ኦቦ ከድር ከዚያ በኋላ አልሳቁም። የመጣሁት ስንዴ አቁሜያለሁ ልላችሁ ነበር አሉ። የእናታችሁ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር፣ ለማይነጋገሩ ሰዎች ግን ስንዴ መስጠት ፈራሁ አሉ።  አባቴ ከኪሱ ደብዳቤውን አወጣና ተምሩ አጠገብ አስቀመጠው። 

«ማሽኑን ሳላማክራችሁ ነው የገዛሁት» አለ። «ላስደስታችሁ ብዬ ነበር። በአንድ ቀን ላሳያችሁ። ጥፋቴ ነው።»

ከዚያማ የሐናን እጅ አልደርስ አለ። ጋሼ ደረሰ ስለ ቢላዋው ተናገሩ። አባቴ የግማሽ ቀን ሥራ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማው። እትዬ አስካለ ደግሞ አንድ የሞጆ ብስኩት አምራች ማሽኑ ይሸጣል ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋት ነበር። ሁለት ጊዜ! «ማን ጠየቀኝ ብዬ ዝም አልኩ» አለች መሬት መሬት እያየች። ሐናን ቀና ብላ አየችኝ። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ።

የአያቴን ፎቶ ነገር አባቴ ሲያነሳ መልስ የሰጠችው ራሷ እትዬ አስካለ ናት። እማማ ገበያ ላይ መጀመሪያ የሸጠችው በጣሳ እያሰፈረች ነው፣ ፓኬት መቼ ነበራት አለች። የምሰፍረው እኔ ነበርኩ፣ ጣሳው ዛሬም ቤቴ አለ አለች። ቅዳሜ በዚሁ ጉዳይ ያስለቀስኳት ሴትዮ ናት።

ሐናን ደብተሩን አዞረች። ከላይ «በስብሰባው የተገኙ» ይላል። አባቴ አነበበና «ይሄ ስብሰባ ነበር እንዴ?» አለ። ጋሼ ደረሰ ብዕሩን ቀድመው ወሰዱ። ከፊርማቸው አጠገብ የግራሶ አውራ ጣት ታትሟል።

ኦቦ ከድር ስንዴው ይቀጥላል አሉ፣ ግማሹ ዋጋ በየጭነቱ በእጅ እየተከፈለ። ፒካፑ ሲወጣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። አንድም በር አልተዘጋም።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ቃለ ጉባኤውን ለማስመዝገብ ሦስቱ በአንድ መኪና ውልና ማስረጃ ሄዱ። እኔ ከኋላ፣ መሃል። መንገድ ላይ በቀጥታ ተጣሉ፣ ስለ መስኮት። አባቴ ይዘጋ፣ ጋሼ ደረሰ ይከፈት። እንደ መልእክተኛ አፌን ከፈትኩ። ማንም አልጠበቀኝም።

ከሰዓት፣ አዲሱ ቀበቶም ስለመጣ፣ ጋሼ ደረሰ ቢላዋውን አስተካከሉት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። አጭር ማካሮኒ እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። ጫልቱ በእፍኟ ይዛ «ይሄማ ስብርባሪ አይደለም» አለች፣ ትንሽ ቅር ያላት መስላ።

ዕቅዱ ላይ የሚቀነስ ሠራተኛ የለም። ሐናን ሦስት ጊዜ ደምራዋለች። ማሸጊያ ክፍል የነበሩት ሠራተኞች ወንጂና መልካሳ እየሄዱ ይሸጣሉ።

አርብ፣ የካቲት 20

ትምህርት ቤት ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ባንኩ በር ላይ ግን ደህና ነበርኩ።

ጋሼ ደረሰ ከረባት አስረው መጡ። የአባቴ ነው፣ አባቴ ራሱ ነው ያሰረላቸው። አንገታቸውን እንደተያዘ ዶሮ ይዘው ነው የገቡት። አባቴ ያለ ከረባት ነው፣ ራቁቱን የቀረ ይመስላል። እትዬ አስካለ ቦርሳዋ ውስጥ ጣሳ ይዛለች።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ውጪ ለጥበቃው ሰው የፍተሻውን ሰልፍ አስተካከልኩለት፣ የሕይወት ታሪኩንም ሰማሁ።

የውስጡን ሐናን ነው የነገረችኝ። የብድር ክፍሉ ሰውዬ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። «ቦታ፦ የፋብሪካው ግቢ፣ ከኢፍጣር በኋላ» የሚለው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ቁጥር አልጠየቀም። «ባለፈው ዓመት ሦስት የተለያዩ ደብዳቤዎች ነው የላካችሁልን። አሁን ትነጋገራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ መመለስ ጀመሩና እርስ በርስ ተቋረጡ። ጋሼ አባቴን ዝም በል አሉት፣ እትዬ አስካለ ሁለቱንም ዝም በሉ አለች። ሰውዬው ይበቃል አለ። እትዬ አስካለ ግን አልበቃትም፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ አጭር ማካሮኒ ሰፈረችለት።

ሐራጁ ቆሟል። ማሽኑ ለሞጆው ሰውዬ እንዲሸጥ ፈቅደዋል፣ ገንዘቡ ለብድሩ። የቀረው ዕዳ በረጅም ጊዜ እንዲከፈል ሆኗል። ከስድስት ወር በኋላ ያዩናል። ስድስት ወር ብዙ አይደለም። ስንዴው ሊወደድ ይችላል፣ ጾሙም ያልቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

አባቴ በሩ ላይ አየኝ። ደብዳቤውን ሰጠኝ። «ፍሪጅ ላይ አድርጊልኝ፣ እኔ አልደርስም» አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

የጥር ደመወዝ ግማሹ ተከፈለ። ግማሹ የሚቀጥለው ሳምንት። ጫልቱ ከወንጂ ስትመለስ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ አሳየችኝ።

ማሽኑን ሊወስዱ መኪና መጣ። እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አውጥታ አጠፈችው። አሁን የአሮጌው ማሽን መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ጋሼ ደረሰ አንድ ቀን እሳት ያስነሳብናል እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ግን አላነሱትም።

ከሰዓት እንደ ልማዴ ኮሪደሩ ላይ ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ሁለት። ካርዴ አልቋል፣ ሳምቡሳም የለም። ሐናን ስታልፍ አየችኝና ድርጅት መልሶ ሲደራጅ የማያስፈልግ የሥራ መደብ ይታጠፋል አለችኝ። ሠላሳ አንድ ሰው ከሥራው አልተነቃነቀም። ተቀናሿ እኔ ብቻ ነኝ። ካሳም የለውም።

አሁን ይህን የምጽፈው እዚያው ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው። ሦስቱም በሮች ክፍት ናቸው። ጋሼ ደረሰ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ግርማ! አዲሱን ቀበቶ ከየት ነው ያስመጣኸው? ይሄ ቀበቶ ነው የጫማ ክር?» እያሉ ነው። አባቴ «መጥተው ይዩት እንጂ ጋሼ፣ ምን ያስጮህዎታል!» ይላል። እትዬ አስካለ ሁለቱም ዝም እንዲሉ ከሁለቱም በላይ ትጮኻለች።

ግቢው ሁሉ ይሰማል። ምንም የሚለዘብ ነገር የለም።